እጅ ሳይነካው የሚጮኸው ሞተር

ሥራ የገባሁ ቀን ጋሽ ከድር ሦስት ካቻቢቴ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው «የትኛው ነው ያንቺ?» አሉኝ። ትልቁን አነሳሁ። «አንዱም አይደለም» አሉና ብሩሽና ቤንዚን ያለበት ጣሳ ሰጡኝ። አስረኛ ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም ነበር፤ ቤት ቁጭ ማለት ደግሞ ያሳብደኛል። ብሩሹን ያዝኩ።

ጋራዡ ቃሊቲ፣ ወደ ማረሚያ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሞተር ሳይክል ብቻ እንሠራለን። ማዕረጋችን ሦስት ነው፦ አጣቢ፣ ረዳት፣ መካኒክ። አጣቢ ዕቃ ያጥባል። ረዳት ዘይት ይቀይራል፣ ካንዴላ ያወጣል፣ ሰንሰለት ያጠብቃል፤ ከዚያ አልፎ አይነካም። ያኔ መካኒኩ ጋሽ ከድር ብቻ ነበሩ። ዛሬ እኔም ነኝ። ይህን የምጽፈው አሁን ብሩሽ ለያዛችሁት ነው፤ በተለይ እንደኔ እጃችሁ አርፎ ለማይቀመጥላችሁ።

ሚኒሞ የምንለው ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ ቆሞ የሚዞርበትን ፍጥነት ነው። ካርቡራቶር ያለው ሞተር ሚኒሞው ከፍ ካለ አንዲት ብሎን ትንሽ ማላላት ይበቃል። ረዳት ሆኜ ወር ሳይሞላኝ ይህን በዓይኔ ተምሬ ነበር። አንድም ቀን ግን አልተፈቀደልኝም።

አንድ አርብ ጋሽ ከድር ለጁምዓ ሄደው ብቻዬን ሳለሁ ቶሎሳ መጣ። ቶሎሳ በኮዬ በኩል ካሉት የገበሬ ግቢዎች ወተት ሰብስቦ ገላን ኮንዶሚኒየም ላሉ ሱቆች የሚያደርስ ሰው ነው። ኮዬ ፈጬ ያኔ ኮንዶሚኒየሙ ገና እየተሠራ፣ ክሬን ብቻ ነበር። ሞተሩ ኢንጀክሽን ነው፤ ካርቡራቶር የለውም፣ ነዳጁን የሚመጥንለት ኮምፒውተር ነው።

«ዘይት ቀይሪልኝ» አለ። «ደግሞ ሲሞቅ ይጮኻል። መብራት ላይ ስቆም ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል፣ የቸኮልኩ ይመስለዋል።»

ሻይ ሊጠጣ ተሻገረ። እኔ የሚኒሞዋን ብሎን ፈለግሁ፤ አገኘኋት። ፋብሪካው ቢጫ ቀለም ጠብ አድርጎባታል። ቀለሙ «አትንኩ» ማለቱ እንደሆነ አላውቅም ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። ጠርጥሬያለሁ። ትንሹን ካቻቢቴ አስገብቼ ዞር አደረግኋት። ቀለሙ ተሰነጠቀ፤ ጩኸቱ ወረደ።

ቶሎሳ ተመልሶ አዳመጠ። «እንዴ! ምን አልሽው? ዝም አለ'ኮ!»

«ዘይቱ ነው» አልኩት። ለጋሽ ከድርም አልነገርኩም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ሞተሩ በፒካፕ ተጭኖ መጣ። ቶሎሳ ክንዱ በጨርቅ ከአንገቱ ታስሯል። እናቱ እማማ ጫልቱ ከኋላው ወረዱ። ጠጋ አላሉም፤ ሞተሩን በሩቁ እያዩ ቆሙ።

ቶሎሳ እንደነገረን፣ ቁርስ ሲበላ አቁሞት ሞተሩ በርዶ ነበር፤ አስነሥቶ ወደ መናኸሪያው መታጠፊያ ሲደርስ የነዳጅ መስጫውን ለቅቆ ማርሽ መለያውን፣ ፍሪሲዮኑን፣ እንደያዘ ድንገት ጠፋበት። ከኋላው ቦቴ ነበር። ለመሸሽ ሲል ወደቀ፤ ወተቱ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ቦቴው ከጭንቅላቱ ክንድ በማይሞላ ርቀት አለፈ።

«ይሄ ምንም አይደለም» አለ ቶሎሳ። «ሰዎች ሞተሩን አንስተው አስነሡት። ትንሽ ቆይቶ እጅ ሳይነካው ራሱ ይጮኽ ጀመር። ሁሉም ለቀውት ሸሹ።»

«የገዛው ከሟች ቤት ነው» አሉ እማማ ጫልቱ። «ሰውየው አልጋ ላይ ሲሞት ቁልፉን ጨብጦ ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቀው ነው ያወጡለት። አትግዛ አልኩት።»

ጋሽ ከድር ሞተሩን አስነሡት። ቀዝቃዛ ስለነበር ሁለቴ ጠፋ። በሦስተኛው ያዘ። ማንም እንዳይነካው ብለው ወደ ኋላ አሉ።

መጀመሪያ ዝግ ብሎ ዞረ። ሲሞቅ ድምፁ ቀስ እያለ ወጣ፤ የማይታይ ሰው ተቀምጦ ነዳጅ የሚሰጠው ይመስል ነበር። እጀታውን አየሁት። ፍንክች አላለም።

ጋሽ ከድር የነዳጅ መስጫውን ገመድ ከሥሩ ፈቱት። አሁን እጀታውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ጩኸቱ ግን ጨመረ። ስንቅ ይዘው ወደ ማረሚያ ቤቱ የሚሄዱ ሴቶች መንገድ ላይ ቆመው ያዩ ነበር።

እማማ ጫልቱ ነጠላቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ባዶው መቀመጫ ተናገሩ። «አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ልቀቀው። ወተት ሻጭ ነው፣ ምን አደረገህ?» ድምፃቸው እንግዳን የሚለምን እንጂ ያበደ ሰው ድምፅ አልነበረም። 

ጋሽ ከድር ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቢጫውን ቀለም ተሰንጥቆ አገኙት። «ይህችን ብሎን የነካት ማነው?»

«እኔ አላስነካሁም» አለ ቶሎሳ። «ከናንተ ሌላ ጋ ሄዶ አያውቅም።»

«እንግዲያ የበፊቱ ባለቤት ነው።»

«አላልኳችሁም?» አሉ እማማ ጫልቱ። «እጁ አለበት።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ። ሟቹ አይከራከርም።

ጋሽ ከድር ወደ እኔ ዞሩ። «አየር ይሰርቃል። የውሃ መርጫውን አምጪ። ወደ ሞተሩ አየር በሚያስገባው ጎማ ዙሪያ ቀስ እያልሽ ርጪ፤ ውሃው ቀዳዳውን ሲደፍን ድምፁ የሚለወጥበትን ስሚ።» እኔ ራሴ ይህን ማድረግ የነበረብኝ ያን አርብ ነው።

ከላይ ረጨሁ፤ ምንም። በግራ ረጨሁ፤ ምንም። ከሥር፣ ማሰሪያ ቀለበቱ፣ ፋሼታው፣ በሚያጠብቀው የጎማው ከንፈር ላይ ስረጭ ጩኸቱ ተቆረጠ። ሞተሩ ቃተተና ዝግ አለ።

እማማ ጫልቱ እልል አሉ። «ያ ዋቃ! ጸበል ነው እንዴ?»

«የቧንቧ ውሃ ነው፣ እማማ» አልኩ።

ውሃው ሲደርቅ ድምፁ ተመልሶ ወጣ። ደግሜ ረጨሁ፤ ወረደ። ጎማውን ፈተን ስናወጣው ከሥሩ ተሰንጥቋል። ሲቀዘቅዝ ይገጥማል፣ ሲሞቅ ይከፈታል። በስንጥቁ አየር ሲገባ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይጨምርለታል፤ ጩኸቱ ይህ ነበር። እኔ ስንጥቁን ትቼ ብሎኗን ስዘጋ ትክክለኛውን የአየር መንገድ ነው የቀነስኩት። ሞቆ ሲጮኽ ዝም አሰኘሁት፤ በርዶ ነዳጅ ሲለቀቅ ደግሞ እንዲጠፋ አደረግሁት። ስንጥቁ ሲሰፋ ጩኸቱ ተመለሰ።

አዲስ ጎማ ገጠምን። ጋሽ ከድር ብሎኗን ቀለሙ እስኪገጥም መለሷት። የባትሪውን ገመድ ነቅለን አቆይተን መለስን፤ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ እንዲለምድ። በርዶም ሞቆም ዝግ ብሎ ሠራ።

ቶሎሳ ግን ቁልፉን አልቀበልም አለ።

«ተሠርቷል'ኮ» አሉት ጋሽ ከድር።

«ባለፈውም ዝም ብሎ ነበር። ዝም ብሎ ነው ቦቴ ሥር የጣለኝ። ጩኸቱን ለምጄዋለሁ፤ የምፈራው ዝምታውን ነው። ለቁራሌ እሰጠዋለሁ።»

«ወተቱንስ በምን ታደርሳለህ?»

«እኔ እንጃ።»

የያዝኩትን መርጫ አስቀመጥኩ። «ባለፈው ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ብሎኗን ያዞርኩት እኔ ነኝ። አንተ ሻይ ስትጠጣ። ሟቹ አልነካትም።»

ጋሽ ከድር አላዩኝም። ዕቃ መሰብሰብ ጀመሩ። እማማ ጫልቱ ቀና ብለው አዩኝ፤ ባዶውን መቀመጫ ያዩበት ዓይን ነው።

 «ሟቹ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለ ቶሎሳ። «ለሱ ጸበል አለ።»

ቁልፉን ግን ተቀበለ። ታናሽ ወንድሙ መጥቶ ሞተሩን ነዳለት። ክንዱ ሲድን ራሱ ይነዳ ጀመር። የወተት ጀሪካኖቹን ጭኖ በገላን መንገድ ሲያልፍ አየዋለሁ፤ ያየኛል፣ ሰላም አይለኝም። ወደ እኛ ጋራዥም ተመልሶ አልመጣም።

ጋሽ ከድር በማግስቱ ወደ አጣቢነት መለሱኝ። ስምንት ወር ነው ያጠብኩት። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ኢንጀክሽን ሞተር ሚኒሞው ከፍ ሲል ብሎኗ አትነካም። መጀመሪያ የነዳጅ መስጫው ገመድ ይታያል፣ ቀጥሎ አየር የሚሰርቅበት ቦታ ይፈለጋል። የነካችሁትን ነገር ደግሞ ባለቤቱ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ንገሩት።