ባኮ ኬላ ላይ የታመመው ልጅ

መንገዱ በተዘጋበት ዓመት ነቀምቴ ውስጥ በአንድ ሆቴል ምድር ቤት ኪቦርድ እጫወት ነበር። ፎቁ ላይ ስብሰባ የመጡ ሠራተኞች፣ ለበዓል ቤተሰብ ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች፣ አንዳንዴም የድሮውን ቤተ መንግሥት ለማየት ካሜራ አንግተው የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ያድራሉ። ሲመሽ ግን ሁሉም ወደ አዳራሹ ይወርዱ ነበር። ነቀምቴ ቶሎ የምትተኛ ከተማ ናት፤ የእኛ ቤት ብቻ ነው የማይተኛው እየተባለ ይወራብን ነበር።

የሆቴሉ ባለቤት ስድሳ ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ሁላችንም «አዮ» ነበር የምንላቸው፤ በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት ነው። አጥባቂ ጴንጤ ናቸው። ማታ አዳራሹ ሥራ ላይ ሲሆን አንድም ቀን ገብተው አያውቁም። ጠዋት ጠዋት ግን ይወርዱና ወንበሮቹን አይተው፣ «ልጆቼን ያስተማረልኝ ይኼ ቤት ነው፤ ግን አልወደውም» ብለው ይመለሳሉ።

እኔ የተወለድኩት እዚያው ነቀምቴ፣ ጨለለቂ የሚባል ሰፈር ነው። አያቶቼ ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ኦሮምኛ እያወራሁ አደግሁ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረኝ፤ አዲስ አበባ ሄጄ መጫወት። የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ ስለ አዲስ አበባ ቤቶች እጠይቅ ነበር። ሻንጣዬ ሁልጊዜ በር ሥር ነበረች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አለመሄዴ ለምን እንደሆነ ግን እኔም በደንብ አላውቅም።

ለፋሲካ ፕሮግራም አዮ አንዲት ዘፋኝ ከአዲስ አበባ አስመጡ። እንድንለማመድ ተብሎ ቀደም ብላ ነው የመጣችው። ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ይሆናታል፣ ቀጭን፣ ድምጿ ከቁመቷ በላይ የሆነ ሴት። የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ አላት። ልጁን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታው ነው የመጣችው። «አንድ ወር ተኩል ነው፣ ምን አላት!» ትል ነበር።

ኮሮና አገር ውስጥ ገባ የተባለው እሷ በመጣች በሳምንቷ ነው። መጀመሪያ አዳራሹ እንዲዘጋ ታዘዘ። ቀጥሎ ክፍል የያዙ እንግዶች አንድ በአንድ እየደወሉ ቀሩ። ከዚያ አንድ ጠዋት መናኸሪያው ተዘጋ፤ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ቆመ፤ ሚኒባሱም ቆመ። ያ ሁሉ ክፍል ባለው ሆቴል ውስጥ አዮ፣ ዘበኛው፣ ዘፋኟና እኔ ብቻ ቀረን። እኔ ቤቴ መሄድ እችል ነበር። ግን አባቴ «ሥራ ፈታህ?» እያለ ሲያየኝ መዋል አቃተኝና እዚያው ሰነበትኩ።

ዘፋኟ መቀመጥ አልቻለችም። ጠዋት ትነሳና መናኸሪያ ትሄዳለች። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ እጁን እያወዛወዘ፣ «ኮንኮላታን ሂንጂሩ፤ መኪና የለም እኮ፣ እህቴ» ይላታል። ትመለሳለች። ከሰዓት እንደገና ትሄዳለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ከዳር ዳር ስትመላለስ የጫማዋ ድምፅ እታች ድረስ ይሰማል። እኔም ተቀምጬ መስማት ስለማልችል ወጥቼ ከተማውን እዞራለሁ። ጫማ የሚያጸዳ የለም፣ ጁስ ቤቱ ዝግ፣ ሰው አፉን ሸፍኖ ከሩቅ ነው ሰላም የሚለው። እመለሳለሁ፤ ኪቦርዱን እከፍታለሁ፤ እዘጋዋለሁ።

ማታ ማታ ልጇን በስልክ ታወራው ነበር። «መቼ ነው የምትመጪው?» ይላታል። «መንገዱ ሲከፈት» ትለዋለች። «ማነው የዘጋው?» ይላል። እሷ ወደኔ ታያለች፣ እኔ የማውቅ ይመስል።

አንድ ቀን፣ የሆቴሉ ደንበኛ የሆነ የጭነት መኪና ሹፌር ምሳ ሊበላ ቆመ። የአርጆ ሰው ነው፤ ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ እየሄደ ነበር። የጭነት መኪና አልተከለከለም፤ ሹፌርና አንድ ረዳት ብቻ ነው የሚፈቀደው። ረዳቱ ታሞ ቤቱ ቀርቷል።

አጠገቡ ተቀመጥኩና፣ «ጋሼ፣ እኔ ረዳት ሆኜ ልሂድ። ዘፋኟን ደግሞ ከኋላ፣ መኝታው ላይ እናስተኛት» አልኩት።

«አይሆንም፣ ያ ኦቦሌሳ» አለኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። «ኬላ ላይ ቢይዙን መኪናው ይታሰራል። የሰው ቡና ነው የጫንኩት።»

«ልጇ ታሟል» አልኩት።

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ሹፌሩ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ምን ሆኖ?»

«ትኩሳት። ሆስፒታል ገብቷል። አባት የለውም።»

ሹፌሩ ሳህኑን ገፋ አደረገ። የራሱም ልጆች አሉት። በመጨረሻ፣ «ለማንም እንዳትናገር፤ ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት» አለኝ። እኔም ለእሷ የነገርኳት «ሹፌሩ ፈቅዷል፤ ግን መንገድ ላይ ብዙ አታውሪው፣ ይፈራል» ብዬ ብቻ ነው። አቅፋ ሳመችኝ። በዚያ ሰዓት የእሷ ደስታ እውነት ነበር፤ የእኔም ደስታ እውነት ነበር። የእኔ ግን ስለ ልጁ አልነበረም።

አዮ መሄዳችንን ሲሰሙ ደጅ ወጥተው ቆሙ። የተቋጠረ ዳቦ ሰጧት። «ዋቃዮ ያድርስሽ» አሏት። እኔን ግን፣ «አንተ ምን ልትሠራ ነው የምትሄደው? እዚያም እኮ ዝግ ነው» አሉኝ። ሻንጣዬን አንስቼ መኪናው ላይ ወጣሁ።

የሲሬ ከተማን ኬላ በሰላም አለፍን። የኬላው ፖሊስ ሹፌሩን ያውቀዋል፤ የኔን ፊት አየና እጁን አነሳልን። ዘፋኟ ከኋላችን ባለችው ጠባብ መኝታ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተኝታለች። ሞቃት ቀን ነበር። አልፎ አልፎ፣ «ደረስን?» የሚል የታፈነ ድምፅ ይሰማል። እኔ መስኮቱን ከፍቼ ነፋሱን በአፌ እየጠጣሁ፣ ሥራ እንዴት እንደምጠይቅ በልቤ እለማመድ ነበር።

ባኮ መግቢያ ላይ አስቆሙን። አንድ ፖሊስና ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት የጤና ባለሙያ ነበሩ። ባለሙያዋ የሙቀት መለኪያውን የሹፌሩ ግንባር ላይ፣ ቀጥሎ የኔ ላይ አነጣጠረች። ደህና ነን። ልንሄድ ስንል ከኋላ ሳል ተሰማ። አቧራ ነው እንጂ በሽታ አልነበረም። ፖሊሱ በሩን ከፍቶ መጋረጃውን ገለጠው።

«ውረጂ!»

ወረደች። ፀጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። መለኪያው ጮኸ። ባለሙያዋ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

ሹፌሩ ወርዶ ፖሊሱን በኦሮምኛ መለመን ጀመረ። «ማሎ፣ ማሎ!» ይላል፤ እባክህ እያለው ነው። ፖሊሱ ልመና መስማት እስኪያቅተው የተናደደ ይመስል ነበር፤ «ዴቢኣ! ተመለሱ!» ብቻ ይላል። ያኔ ሹፌሩ ወደ ባለሙያዋ ዞሮ በአማርኛ እንዲህ አለ፦

«እህቴ፣ ልጇ ታሞ ሆስፒታል ገብቶባት ነው! አንድ ልጅ ነው ያላት! ትድረስለት!»

ዘፋኟ ቀና አለች። መጀመሪያ ያልገባት መሰለች። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ።

«የማን ልጅ?»

ሹፌሩ በሐዘን አያት። «አይዞሽ። ይድናል።»

«ልጄ? ልጄ ሆስፒታል ገባ? መቼ? ማነው የነገረህ? ለምን ደበቃችሁኝ?»

ሹፌሩ ወደኔ ጠቆመ። እሷም ወደኔ መጣችና የጃኬቴን ደረት ጨመደደችው። «ማን ደወለልህ? ንገረኝ! ሞቷል እንዴ?»

«አልታመመም» አልኳት። «ውሸቴን ነው። እንዲወስደን ብዬ ነው።»

አላመነችኝም። ሰው ልጁ ሞቶ ሲደብቁት የሚሉት እንደዚሁ ነው። «አልሞተም» ባልኩ ቁጥር ይብስባታል። የሷ ስልክ ባትሪ ጨርሷል። የኔን ሰጠኋት፤ ጎረቤቷ ጋ ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም። እንደገና። ይጠራል፣ አይነሳም። አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብላ መሬቱን በመዳፏ እየመታች ታለቅስ ጀመር። የጤና ባለሙያዋ እንዳትነካት ተከልክላለች፤ እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው።

ሦስታችንንም ለይቶ ማቆያ ወደተደረገ ትምህርት ቤት ወሰዱን። መኪናው ኬላው ላይ ቆመ። ሴቶች አንድ ክፍል፣ ወንዶች ሌላ ክፍል። ስልኬ እሷ ጋ ነበር። በግቢው ዛፍ ሥር ቆማ ስትደውል በመስኮት አያታለሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በድንገት ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ምን እየሠራህ ነው? ምን በላህ? ትንሽ ሳል እስኪ፣ ልስማህ» ስትል ሰማሁ። ጎረቤትየዋ ለካ ስልኳን ቤት ትታ ለዘይት ሰልፍ ወጥታ ኖሯል። ልጁ ደህና ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ኳስ ሲጫወት ነው የዋለው።

ከዚያ በኋላ መጥታ ስልኩን በመስኮት ሰጠችኝ። ዞራ ወደ ሴቶቹ ክፍል ሄደች።

አሥራ አራት ቀን እዚያ ቆየን። ሹፌሩ ከኔ ፍራሽ ቀጥሎ ነበር የሚተኛው። ሰላምታ እንኳ አልነፈገኝም፤ ያ ነው የባሰብኝ። ቀን ቀን ስለ ቡናው ሲጨነቅ፣ የመኪናውን ባለንብረት በስልክ ሲለማመጥ እሰማለሁ። በአምስተኛው ቀን ሌላ ሹፌር ልከው መኪናውን አስወሰዱ። ያን ቀን ብቻ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ «በልጅ ይዋሻል?» አለኝ። በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰምቷል። ተነስቼ ግቢውን ዞርኩ። የግቢው አጥር ዙሪያ ሁለት መቶ አርባ እርምጃ ነው፤ በዚያ አሥራ አራት ቀን ስንት ጊዜ እንደዞርኩት አላውቅም።

ውጤታችን ነፃ ሆነ። ግን ወደፊት አላሳለፉንም፤ ከመጣችሁበት ተመለሱ ተባልን። አዮ በር ላይ ቆመው ተቀበሉን። ለዘፋኟ ፀሐይ የሚያገኘውን ክፍል ሰጧት፤ ኪራይ የሚባል ነገር አላነሱም። እሷም እጇን አጣምራ አልተቀመጠችም። የአንሶላ እጥበቱን ያዘች፤ የሆቴሉን መጋረጃ ሁሉ አውርዳ አጠበች። ማታ ማታ አዮ መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ሲያነቡ አጠገባቸው ትቀመጣለች፤ ቋንቋው ሳይገባት ትሰማለች።

አውቶቡስ በግማሽ ሰው እንዲሄድ የተፈቀደው ክረምት ሊገባ ሲል ነው። መናኸሪያ ሻንጣዋን ተሸክሜ ሸኘኋት። በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «ለኔ ብለህ አይደለም የዋሸኸው» አለችኝ።

«አይደለም» አልኳት።

«ለኔ ብለህ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ለኔ ትነግረኝ ነበር።» ማስኳን አስተካክላ ገባች።

አዮ አዳራሹን መልሰው አልከፈቱትም። እገዳው ሲነሳም እንግዳው እንደድሮው አልመጣም፤ በሽታው ሲያልፍ መንገዱ በሌላ ምክንያት፣ በተኩስ፣ ያስፈራ ጀመር። አዳራሹን ለአንድ የበቆሎ ነጋዴ መጋዘን አድርገው አከራዩት። እኔን ደግሞ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ያለ የአንድ ቸርች መዘምራን ኪቦርድ የሚያስተምራቸው ሰው ይፈልጉ ነበርና አዮ አስገቡኝ። ኦርቶዶክስ መሆኔን ሲሰሙ ተሳሳቁ፤ ግን አስተማርኳቸው፤ እስካሁንም አስተምራለሁ።

አዲስ አበባ የሄድኩት በዓመቱ ነው። የሄድኩትም ያንኑ ሹፌር ለምኜ ነው። አሰበበትና፣ «ከፊት ተቀመጥ፤ ደግሞ አታውራ» ብሎ ወሰደኝ። ሦስት ቀን ዞርኩ። የምሽት ቤቶቹ ግማሾቹ አሁንም ዝግ ነበሩ፤ የተከፈቱትም ኪቦርድ ተጫዋች ሞልቷቸዋል። በሦስተኛው ቀን ለዘፋኟ ደወልኩላት። ና አለችኝ።

አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የልጆች ልብስ እየሰፋች ትሸጣለች፤ ሰርግ ሲኖር ቀን ቀን ትዘፍናለች። ልጁ በር ላይ ቆሞ ከላይ እስከታች አየኝና፣ «ማነው?» አላት።

«ነቀምቴ የማውቀው ኪቦርድ ተጫዋች ነው» አለችው። ጓደኛዬ አላለችም። እኔም አልጠበቅሁም።

ምሳ አቀረበችልኝ። ልጁ ከጎኔ ተቀምጦ በላ፤ ጎበዝ በላተኛ ነው። እሷ ደጋግማ ሳህኔ ላይ ወጥ ጨመረችልኝ፤ አንዴም «ይበቃኛል» ለማለት ድፍረት አላገኘሁም።