የዓርብ ስድስት ሰዓት አዳራሽ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በነበረ አንድ ትንሽ የግል ዩኒቨርሲቲ ለሦስት ዓመት የብዝኃነት አለቃ ነበርኩ። በደብዳቤ የተሰጠኝ ማዕረግ «የባህል ብዝኃነትና አብሮ መኖር የጋራ ኮርስ አስተባባሪ» የሚል ነው፤ የቢሮዬ በር ላይ በአንድ መስመር አልበቃ ብሎ በሁለት ተለጠፈልኝ። ነርስ የሚሆነውም፣ አካውንቲንግ የሚማረውም፣ ኮምፒዩተር የሚያጠናውም ይህን ኮርስ ሳያልፍ ሁለተኛ ዓመት አይገባም። በዚህ በጣም እኮራ ነበር። ሰው በፈቃዱ ካልተዋደደ አስገድዶ ማዋደድ ይቻላል ብዬ ሳላምን አልቀረሁም።

ሞጁሉን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ሽፋኑ ላይ የሚጨፍሩ ሰዎች አሉበት፤ የእኛ አገር ብዝኃነት ካልጨፈረ ፎቶ አይነሣም። አራተኛው ምዕራፍ «የሌላውን እምነትና ልማድ ማክበር» ይላል፤ ከሁሉም አብልጬ ስለምወደው እሱን የማስተምረው ራሴ ነበርኩ። የቀረውን የሚያስተምሩትን አምስት መምህራንም እኔው መረጥኩ። አምስቱም ከአንድ ትምህርት ክፍል የተመረቁ ናቸው፤ አራቱ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ይዘምራሉ። እኔ ደግሞ የአንኮበር ቄስ ልጅ ነኝ። ስብሰባ በተቀመጥን ቁጥር በአንድም ነገር ሳንለያይ ስለ ልዩነት ተወያይተን እንነሣ ነበር።

የቸገረን አዳራሽ ነው። ያን ሁሉ ተማሪ የሚይዘው ትልቁ አዳራሽ ሳምንቱን ሙሉ ተይዟል። ሠንጠረዡን ሳገላብጥ ግን ዓርብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ባዶ ሆኖ አገኘሁት። በየሳምንቱ ባዶ! ሌሎቹ አስተባባሪዎች ዓይናቸው የት ሄዶ ነው ብዬ እየተገረምኩ፣ ማንም ሳይቀድመኝ አስመዘገብኩት። ለምን ባዶ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ያገኘ ሰው መቼ ይጠይቃል? መምህራኑን ሰብስቤ ሳበሥር የተነሣው ተቃውሞ አንድ ብቻ ነበር፤ ከእነዋሪ የመጣው ወጣት መምህር ምሳ ሰዓታችን ተበላ ብሎ አጉረመረመ።

የመገኘት ደንቡንም አጠበቅኩት። ከአራት ጊዜ በላይ የቀረ ተማሪ ፈተና አይቀመጥም። የሚፈቀደው ምክንያት ሕመም፣ ሐዘንና የፍርድ ቤት መጥሪያ ብቻ። ዲኑ «ሌላ ምክንያት ቢመጣስ?» ሲለኝ፣ «ቀዳዳ ከተውን ሁሉም ይሾልካል» አልኩት። አነጋገሬ ለራሴም ጣመኝ። የአካዳሚክ ጉባኤው እንዳለ አጸደቀው።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ የፊርማ ወረቀቶቹን ደመርን። ከዚያ ሁሉ ተማሪ የሚታገድ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ። ደንቡ ሠራ ብዬ ደስ አለኝና እግዱን ፈረምኩ።

ልጁ በማግስቱ ቢሮዬ መጣ። ከአንኮበር በታች ካለው ቆላ የመጣ የሸማኔ ልጅ ነው፤ አርጎባ። የከተማችንን ብርድ ስላልለመደ ሁለት ሹራብ ደርቧል።

«መምህር፣ ከፈተና ታግደሃል ተባልኩ።»

«ከመጀመሪያው ቀን በቀር መጥተህ አታውቅም እኮ።»

«የመጀመሪያው ቀን ማስተዋወቂያ ብቻ ስለነበር ቶሎ ተለቀቅን። ከዚያ ወዲያ ያለው ጁምዓ ላይ ነው።»

ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ሙስሊም የት እንደሚሄድ ለአንኮበር ልጅ አይነገረውም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንኳ ለዚሁ ብሎ የዓርብን የምሳ ሰዓት ያስረዝማል። አዳራሹ ባዶ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። የሌሎቹ አስተባባሪዎች ዓይን የትም አልሄደም ነበር።

ይቅርታ ማለት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። እኔ ግን «ታዲያ ቀድመህ አትናገርም?» አልኩት።

«ለሚያስተምሩን መምህር ተናግሬ ነበር። ደንቡ ላይ የለም አሉኝ።»

እውነታቸውን ነው፣ የለም። ማን እንዳላስገባውም አውቃለሁ።

«ሌሎቹ ሙስሊም ተማሪዎችስ? እነሱ እንዴት ተገኙ?»

«የእነሱን እኔ አልናገርም» አለ። ነገሩን የደረስኩበት ኋላ ነው። ሌሎቹም መስጊድ ነበሩ፤ ክርስቲያን ጓደኞቻቸው ይፈርሙላቸው ነበር። ማተብ ያሰረው የሦስት ሙስሊሞችን ፊርማ አስመስሎ ይጥላል፤ እሱ ለሚካኤል ንግሥ የሄደ ቀን እነሱ በሌላ ኮርስ ውለታውን ይመልሱለታል። እኔ ፊት ቆሜ አራተኛውን ምዕራፍ ስሰብክ፣ ኋላ ወንበር ላይ ምዕራፉ በእስክሪብቶ ይሠራ ነበር። ይህ ልጅ ብቻ አትፈርሙልኝ ብሏቸው ኖሯል።

በሩን ዘጋሁና ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። «ስማ፣ አንድ የሕክምና ወረቀት አምጣ። ከየት አመጣኸው አልልህም።»

«ታምሜ ነበር ልበል?»

«ለወጉ ያህል ነው።»

«መምህር፣ ሶላት ሰግጄ ታምሜ ነበር አልልም።»

ንዴቴ መጣ። በእሱ እንዳልናደድ ልክ ነው፤ በራሴ እንዳልናደድ አስተባባሪ ነኝ።

ጉዳዩን ለአካዳሚክ ጉባኤው አቀረብኩና በልዩ ሁኔታ ይታይለት አልኩ። ዲኑ የቀድሞውን ቃለ ጉባኤ ገልጦ «ቀዳዳ ከተውን ሁሉም ይሾልካል» የሚለውን የራሴን ቃል ቀስ ብሎ አነበበልኝ። ጸሐፊው ምንም አልጣለም፤ ከነስሜ አስፍሮታል። አንድ አባል፣ ለመጪው ዓመት ሞጁሉ ላይ ስለ ጁምዓ አንድ ገጽ ይጨመር አለ፤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ልጁ ግን፣ ኮርሱ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ስለሆነ፣ ከዓመት በኋላ ይድገመው ተባለ። በሌላው ትምህርት ሁሉ ጥሩ ውጤት ይዞ፣ አንድ ዓመት ቤቱ ሊቀመጥ ነው። በተቃውሞ እጄን ላወጣ እችል ነበር። አላወጣሁም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ለካ ይህ ተረት ከሁሉ ይበልጥ የሚመቸው ለደፋው ሰው ነው።

የሚቀጥለው ዓመት ሠንጠረዥ ገና ስላልተያዘ ክፍለ ጊዜውን ወደ ማክሰኞ ጠዋት አዛወርኩት። አንድ መስመር ደብዳቤ ብቻ ጠየቀ፤ ከምሳ በፊት አለቀ።

በሳምንቱ አባትየው ልጃቸውን ሊወስዱ ከቆላ ወጡ። ሳይሰናበቱ መሄድ ነውር ስለሆነባቸው ከልጁ ጋር ቢሮዬ ገቡ። ነጭ ኮፍያ አድርገዋል፤ ለደብረ ብርሃን የማይረባ ስስ ኩታ ለብሰዋል። ወንበሬን ለቀቅኩላቸው።

«አገርዎ ወዴት ነው፣ መምህር?»

«አንኮበር ነኝ። የቄስ ልጅ።»

ፊታቸው በራ። «በል እንግዲያ ጎረቤታሞች ነን! የናንተ ሰዎች ልጅ ሲድሩ ለእስላሙ እንግዳ እንዳርድ የምጠራው እኔ ነበርኩ። ዳሱም ለብቻ ይጣላል፣ ድስቱም ለብቻ ይጣዳል።»

ትዝ አለኝ። አባቴ እኅቴን ሲድር፣ ለሙስሊሞቹ የሚሆነው ዳስ መጣሉን ሳያይ ጠሪ አልላከም። ያን በሞጁሉ ውስጥ አላስገባሁትም፤ ባህል አልመሰለኝም ነበር።

«አባባ፣ ብዙ አይዘኑ» አልኳቸው። «የሚዘገየው አንድ ዓመት ብቻ ነው።»

«ከብዶት ነው ትምህርቱ?»

«ኧረ አልከበደውም።»

«ምንድን ነው የሚያስተምረው?»

የኮርሱን ሙሉ ስም ልነግራቸው ጀመርኩና አፈርኩ። «ከሌላው ጋር ተከባብሮ መኖርን ነው» አልኩ።

ልጃቸውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«እሱንማ ከቤቱ ጨርሶት ነው የመጣው» አሉ።

አነጋገራቸው ቂም አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።