እንደ ነጭ ሽንኩርት የፈለቀቅኩት ኦርኪድ

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ስዊድን፣ ሶለንቱና ከተማ የምትኖረው ልጄ ሥሩ ከማሰሮው የተረፈ የኦርኪድ አበባ ይዛ መጣች። «አባዬ፣ ለሁለት ክፈልልኝ» ብላ የቀረውን በስዊድንኛ ጨረሰችው። ቢላዋ አንስቼ ቆምኩ።

ተማሪ ሳለሁ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም ነበር። በአንድ ዓመት አራት የኪራይ ክፍል ቀየርኩ። አምስተኛው ስፖንጋ የሚባል ሰፈር፣ የሰማንያ አንድ ዓመቷ ወይዘሮ ኢንግሪድ ቤት ነበር። ሟች ባላቸው የተከሉት ኦርኪድ በየዓመቱ በረዶው ሲበረታ መስኮታቸው ላይ ያብባል። ከዓመት ዓመት የሚጠብቁት እሱን ብቻ ይመስለኝ ነበር። በሚያዝያ እህታቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ «ማሰሮው ጠቦታል፤ ለሁለት ክፈልና እንደገና ትከለው» አሉኝ።

እኔ የማውቀው ነጭ ሽንኩርት ነው። ደብረ ብርሃን፣ አባቴ ጓሮ፣ አንዱን ራስ ፈልቅቀን እያንዳንዷን ፍሬ ለብቻዋ እንቀብራለን፤ በወራት ውስጥ እያንዳንዷ ራስ ትሆናለች። የኦርኪዱም ከሥር ያበጡ ግንዶች እንደዚያው ተጠጋግተው የቆሙ ናቸው። ሁለት ብቻ ማድረግ ንፉግነት መሰለኝና ዘጠኝ ቦታ ፈለቀቅኩት። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እኔ የሚለቀምም አላስቀረሁ።

ወይዘሮ ኢንግሪድ ሄል የሚሸት ዳቦ ይዘውልኝ ተመለሱ። ዘጠኙን ማሰሮ ሲያዩ ከነካፖርታቸው ተቀመጡ።

«ሦስት ግንድ አብሮ ካልሆነ ጉልበት የለውም» አሉ ቀስ ብለው። «አሁን ለማበብ አራት አምስት ዓመት ይፈጅበታል።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አላወቅኩም።»

«እኔ እኮ ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዳቦውን ቆርሰው ሰጡኝ።

እንደ ልማዴ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ፤ መሄድ ግን አቃተኝ። አራት ዓመት ሙሉ ያንን ቤት አልለቀቅኩም። በየሳምንቱ ውሃ አጠጣለሁ፣ ጠዋት ማታ እንቡጥ እፈልጋለሁ፤ ነገሩ የእግር እሳት ሆነብኝ። ከዘጠኙ አምስቱ ደረቁ። በአራተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ አንዱ እንቡጥ አወጣ። ወይዘሮ ኢንግሪድ በጣታቸው ዳሰሱት። በኅዳር አረፉ። አበባው የፈካው ከቀብራቸው በኋላ ነው፤ ባላየው ደስ ባለኝ።

«አባዬ፣ ምነው ቆምክ?» አለች ልጄ።

ከፈልኩላት፤ በአንድ ወገን አራት ግንድ፣ በሌላው ሦስት። ያኔ አምስት ዓመት ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም ነበር። አሁን ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አሁንም መጠበቅ አልወድም። ባለሦስቱን ወደ እሷ ገፋሁት።

«ቶሎ የሚያብበው ትልቁ እዚህ ይቅር» አልኳት። «አንቺ ጊዜ አለሽ።»