የወንድም ቃል

ቅዳሴ እንዳለቀ ነርሷ ማህደር በአሜሪካዋ የጋርላንድ ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የምእመናኑን ደም ግፊት ትለካለች፤ ልጆች እንዳይተኩሱት የሚያግድ የሽጉጥ መቆለፊያም በነፃ ታድላለች። አንድ የማታውቀው ሰው ነጠላውን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ አኖረና ክንዱን ዘረጋላት። በጥንቃቄ የተተኮሰው ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል። ግፊቱ ከፍ ብሏል።

«እንቅልፍ ይወስድዎታል?»

«አልፎ አልፎ።»

ሁሉንም እንደምትጠይቀው እሱንም ጠየቀችው። «ቤትዎ መሣሪያ አለ?»

«እኔ ቤት የለም፤ ወንድሜ ቤት ነው ያለው። ልጄን እሱ ዘንድ ሳሳድራት ‹ቆልፌዋለሁ፣ አታስብ› ብሎኝ ነበር። ከዚያ ቤት በሕይወት አልወጣችም።»

ማህደር አንድ መቆለፊያ አንስታ ዘረጋችለት።

«ለሱ ስጪው» አላት፣ በመስኮቱ ወደ ፓርኪንጉ እያመለከተ። «በመኪናው ያመጣኝ እሱ ነው። ሽጉጡን ዛሬም አልቆለፈውም።»