ከሽታዬ ቤት የወጣው ዕጣ

መሬት ለአራሹ በታደለበት ዘመን ሽታዬ ዋጋዬ ጎንደር ገጠር ውስጥ የሃያ ዓመት ሙሽራ ነበረች። እናቷ ሸክላ ሠሪ፣ አባቷ የሰው መሬት አራሽ ነበሩ። እንደ ቤተ እስራኤል ወገኖቻቸው ሁሉ፣ በተወለዱበት ቀዬ ክንድ የምታህል መሬት እንኳ የእኔ ብለው አያውቁም፤ ካመረቱት ላይ ሲሶውን ለባለርስቱ ያስገቡ ነበር። የስልሳ ሰባቱ አዋጅ መጣና ያን ሁሉ ገለበጠው። ገበሬው ሜዳ ላይ ወጥቶ ከየቤቱ አንድ አንድ ምልክት ሰጠና ዕጣ ተጣለ። አንዱ ቢላ አዋጣ፣ ሌላው ቀለበት። የሽታዬ ባል ቢራራ የሰጠው የማረሻውን ማሰሪያ ብረት፣ ወገሉን ነበር። ሁለት ጥማድ ደረሰው።

ሽታዬ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ሾላ ሥር ቆማ እልል አለች። ደስታዋ የእውነት ነበር። መዳፏ ውስጥ ግን እናቷ ገንቦ የምታለሰልስበትን፣ እንቁላል የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ጨብጣ ነበር። ለምን ይዛው እንደወጣች የጠየቃት አልነበረም፤ እሷም ለማንም አልነገረችም።

ያን መሬት አሥር ዓመት አብረው አረሙት፣ አብረው አጨዱት። በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲመጡ መሬቱ እዚያው ቀረ፤ ድንጋዩ ግን በመቀነቷ ጫፍ ተቋጥሮ መጣ።

ረሆቮት ከተማ ውስጥ በመጀመሪያ ብርቱካን ስታሽግ፣ ኋላም ትምህርት ቤት ስታጸዳ ኖራ ጡረታ ወጣች። አሁን ከቢራራ ጋር ኦሺዮት ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ከሰገነታቸው ሥር ባዶ ቦታ አለ፤ በአንዱ ጫፍ የውሃ ቧንቧና ደህና ቀይ አፈር፣ በሌላው ጫፍ ግንበኞች የቀበሩት ፍርስራሽ።

ዘንድሮ ጋሊት የምትባል የከተማው አስተዳደር ሠራተኛ መጣችና ነዋሪውን ሰበሰበች። ቦታውን ተካፍላችሁ አትክልት ትከሉበት፣ ካልተስማማችሁ ግን የመኪና ማቆሚያ ይሆናል አለች። ሰው ሁሉ ቧንቧው አጠገብ ፈለገ። ፍርስራሹን የፈለገ የለም። ጋሊት ጭቅጭቁ ሲሰለቻት፣ «በስልኬ ዕጣ ላውጣላችሁ?» አለች።

«ስልክ አላምንም» አለች ናዕማ፣ ከሻዓራይም ሰፈር የመጣችው የየመን ተወላጅ ጎረቤታቸው። «ትናንት ይዘንባል ብሎኝ ልብስ ሳላሰጣ ዋልኩ።»

ያን ጊዜ ቢራራ ከቤት ገመድ ይዞ ወረደ። ከቧንቧው እስከ ፍርስራሹ ድረስ እየዘረጋ መሬቱን በቁመቱ ሸነሸነው። እያንዳንዱ ድርሻ አንድ ጫፉ ውሃው ጋ፣ ሌላ ጫፉ ፍርስራሹ ላይ ሆነ።

«ደጉም ክፉውም ለሁሉም ይድረሰው» አለ። «ያላ፣ ከየቤቱ አንድ ምልክት አምጡ። ጋሊት የማን እንደሆነ ሳታውቅ በየድርሻው ላይ ታስቀምጣለች።»

ጋሊት ጀርባዋን አዞረች። ቢራራ ባርኔጣውን አውልቆ በመጀመሪያ የእጅ ሰዓቱን ከተተበት፤ ከዚያ በሰዉ መሀል ይዞ ዞረ። ናዕማ የጸጉር መርፌዋን ሰጠች። አንዱ የመኪና ቁልፍ፣ አንዷ ጉትቻ ጨመሩ።

ሽታዬ ከልጅ ልጇ ከሺሊ ጋር ግንቡን ተደግፋ ቆማለች። እጇ ኪሷ ውስጥ ነው። ባሏን ሰው ፊት ማሳፈር አትፈልግም። ዛሬም ዝም ካለች ደግሞ ሌላ ዕጣ የሚጣልበት ቀን በሕይወቷ እንደማይመጣ ታውቃለች።

«ሳብታ፣ ምንድን ነው የያዝሽው?» አለቻት ሺሊ።

«ድንጋይ።»

«ለምን?»

«ለዕጣ» አለች ሽታዬ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

«ሳባ ሰዓቱን አስገብቷል እኮ» አለች ሺሊ፣ ወንድ አያቷን እያሳየች። «ከአንድ ቤት አንድ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ቢራራ እነሱ ዘንድ ሲደርስ አልፏቸው ሊሄድ ነበር። ሽታዬ የባርኔጣውን ጠርዝ ያዘችው።

«ይቆዩኝማ» አለችው፤ ከሙሽርነቷ ጀምሮ አንቱ ስትለው ነው የኖረችው። «ከእኛ ቤት የሚወጣው የኔ ይሁን።»

«ሰዓቴ አለ እኮ፣ አንቺ።»

«አይቼዋለሁ። ያውጡት።»

ናዕማ ምን ተፈጠረ ብላ ጠየቀች። ሺሊ በዕብራይስጥ ነገረቻት።

«ይሄ ብቻ ነው? የእኔ ባል ዕጣ መኖሩንም አልሰማም» አለች ናዕማ።

ቢራራ አልሳቀም። ድንጋዩን እያየ ነበር።

«የእናትሽ አይደለም እንዴ ይሄ?»

«ነው። ያን ቀንም ይዤው ነበር።»

«የትኛውን ቀን?»

«የወገሉን ቀን።»

«ሾላው ሥር ሆነሽ?»

«ሾላው ሥር።»

«ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ቢራራ እጁን ባርኔጣው ውስጥ ከትቶ፣ ከቁልፉና ከጉትቻው መሀል ሰዓቱን ፈልጎ አወጣ። ባርኔጣውን በአንድ እጁ ስለያዘ ሺሊ አሰረችለት። ሽታዬ ድንጋዩን ባርኔጣው ውስጥ በቀስታ አስቀመጠችው።

ጋሊት ምልክቶቹን ተቀብላ በየድርሻው ላይ እያኖረች ሄደች። ድንጋዩ አጥሩ ጥግ ባለው ድርሻ ላይ አረፈ።

«ይሄ የማን ነው?» አለ ቢራራ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ ልክ እንደማያውቅ።

«የኔ» አለች ሽታዬ። የሰማት አልመሰላትምና ደገመችው። «የኔ ነው።»

ሁሉም ወደየድርሻው ሲበተን ቢራራ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ወደ እሷ መጣና ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«እሜቴ፣ ጭሰኛ አይፈልጉም?»

ሽታዬ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ከዚያ እንደ ድሮዎቹ ባለርስቶች ቀና ብላ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው።

«ሲሶ ታስገባለህ?»

«አስገባለሁ።»

«እሺ፣ ቤሰደር። ከፍርስራሹ በኩል ጀምር።»

ቢራራ ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን የሲሚንቶ ቁራጭ ሲያነሣ፣ እሷ በወዲያኛው ጫፍ ቧንቧውን ከፈተች።