የአባዬ ድርሻ

የጥርስ ሐኪሟ ልጄ መፍራቷን አይታ ምርጫ ሰጠችን፤ በአፍንጫ የሚሳብ ማረጋጊያ ጋዝ፣ የሚያደነዝዝ ሽሮፕ፣ ወይም ጭራሽ ማስተኛት። ክፍሉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል።

በደርግ ጊዜ የፒያሳው ጥርስ ሐኪም ክፍልም እንዲሁ ይሸት ነበር። እኔና አባዬ ጥርስ ልንነቀል ሄደን፣ የቀረው ማደንዘዣ ለአንድ ሰው ብቻ ነው ተባልን።

«መርፌውን ለእሷ ያድርጉላት፤ የእኔን እንዲሁ ይንቀሉት» አለ አባዬ ሐኪሙን።

መፍራቴን ስላየ ቀድሞኝ ወንበሩ ላይ ወጣ። ሲነቀል በአንድ እጁ እጄን በስሱ ይዞ፣ በሌላው ግን የወንበሩን መደገፊያ አንቆት ነበር።

ጥጥ ነክሰን በቸርችል ጎዳና ስንወርድ፣ የእኔ አባት መሆኑን ሰው ሁሉ እንዲያይልኝ እጁን አልለቀቅኩም።

«አንቺ ልጅ ሆነሽስ የትኛውን ሰጡሽ?» አለችኝ ልጄ።

«የአባቴን ድርሻ» አልኳት።