የአራሷ እንቁላል

በሚኒያፖሊስም ሆነ በሴንት ፖል እንደኔ ሁዳዴን አጥብቆ የጾመ ወንድ አልታየም። ቅቤ የነካው ማንኪያ ባለበት ክፍል እንኳ አልቀመጥም ነበር። ይህን በምስክር ባስረዳህ ደስ ይለኝ ነበር፤ ችግሩ፣ ዋናዋ ምስክር ሚስቴ ናት።

ባለፈው ሳምንት ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርስ ከኋላ ወንበር ሆና የተቀቀለ እንቁላል ላጠች። መኪናው በዚያ ሞቅ ባለ ሽታ ሞላ። «ሶሪ ዳድ፣ ብሬክፈስት አልበላሁም» አለችኝ። እኔ ግን መኪናው ውስጥ አልነበርኩም። ከአስራ አራት ዓመት በፊት፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው ሰፈር፣ የፎቃችን ምድር ቤት ውስጥ ካለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብቼ ነበር።

ያኔ እሷ የሁለት ወር ሕፃን ነበረች። እናቷ ስለምታጠባ ዊክ የሚሉት የእናቶችና የሕፃናት የምግብ እርዳታ በየወሩ ቼክ ይሰጣት ነበር፤ በቼኩ ከግሮሰሪ ወተት፣ እንቁላልና አይብ እናወጣለን። ፍሪጃችን ከመጥገቡ የተነሳ በሩን በትከሻ ገፍቼ ነበር የምዘጋው። በዚህ መሀል ሁዳዴ ገባ። አራስን ጹሚ የሚላት የለም፤ የንስሐ አባታችን ራሳቸው በስልክ «ልጄ፣ ብይ» ብለዋታል። እሷ ግን ምጥ ላይ ሳለች ተስላ ነበር፤ ልጇን በሰላም ከታቀፈች ሁዳዴን ላታፈርስ።

«እንቁላሉስ?» አልኳት።

«ለታችኛው ፎቅ ሴትዮ ውሰድላት። አራት ልጅ አላት።»

ለልጆቹ እንዲመች ብላ ቀቅላ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ትልከኝ ጀመር። ሁለት ቀን አደረስኩ። በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋ ቤት አልነበረችም። እንቁላሉ ደግሞ በጨርቁ ውስጥ መዳፌን ያሞቀኛል። ማጠቢያ ክፍሉ ባዶ ነበር፤ ማድረቂያው ይንጎራጎራል፣ አየሩ ሳሙና ሳሙና ይላል። አንዱን ላጥኩ። ከዚያ ወዲያ የሴትዮዋን በር አላንኳኳሁም። ወተቱም አይቡም በዚያው መንገድ ሄዱ። ተመልሼ ስገባ ሚስቴ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ትለኛለች። እኔም «አሜን» እላለሁ።

በጾሙ አጋማሽ ዊክ ቢሮ አፖይንትመንት ነበረን። የምግብ አማካሪዋ ረጋ ያለች አሜሪካዊት ነበረች። ሕፃኗን መዘነቻት፤ ከባለፈው እምብዛም አልጨመረችም። የሚስቴን ጣት ወጋ አድርጋ ደሟን ለካች፤ ዝቅ ብሏል። አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

«እንቁላሉንና ወተቱን ትጠቀማለች?»

ወደ ሚስቴ ዞር እንኳ ሳልል፣ «ሁሉንም» አልኩ።

አማካሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ይህን ሁሉ እየበላች ደሟ ከወረደ ሌላ ሕመም ሊኖር ይችላል፣ ሆስፒታል ሄዳ ትመርመር፣ ለሕፃኗም ምናልባት የዱቄት ወተት ሊያስፈልጋት ይችላል አለች።

«ምን አለች?» አለችኝ ሚስቴ።  «ጡትሽ ሊደርቅ ነው አለች እንዴ?» ብላ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ሚስቴ እንደምትጾም፣ በላተኛው እኔ እንደሆንኩ በእንግሊዝኛ ተናገርኩ። አማካሪዋ ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

«አሁን የነገርከኝን ለእሷም በቋንቋዋ ንገራት» አለችኝ።

ለካ በእንግሊዝኛ መናዘዝ ቀላል ነው። በአማርኛ ሲሆን ምላሴ ጆንያ አከለ። ሚስቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ስንቱን በላህ?»

«አብዛኛውን።»

«አይቡንም?»

«አይቡንም።»

ጥቂት አየችኝና፣ «ያንተን ነገር ቤት ገብተን እንነጋገርበታለን። አሁን የጾም ምግብ እንዳላት ጠይቃት» አለች።

ነበራት። በላም ወተት ፈንታ የአኩሪ አተር ወተት፣ ከዚያ ምስርና የለውዝ ቅቤ ጻፈችላት። ሐኪሟም የብረት ክኒን አዘዘላት፤ ከብርቱካን ጭማቂ ጋር ዋጠችው። እኔ ከስለቷና ከልጇ አንዱን ልትመርጥ ነው ብዬ ስፈራ፣ እሷ ሁለቱንም ይዛ ወጣች።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሕፃኗ ዝሆን አክላ ነበር፤ ቢያንስ ክንዴ እንደዚያ ነው ያለኝ። አማካሪዋ ግን በዚያ ቀን አስተርጓሚ በስልክ አስገባች። ሚስቴም «አንተ ልጅቷን ይዘህ ውጭ ጠብቅ» አለችኝ።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሚስቴ ለማታውቃት የስልክ ሴት ስትነግራት ከኮሪደሩ ሰማሁ፤ ሊፍት ውስጥ ዓይኗ እየጨለመባት ግድግዳ ተደግፋ ትቆም እንደነበር፣ ሕፃኗ ከእጇ እንዳትወድቅ ፈርታ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ታጠባ እንደነበር። አንዱንም አላውቅም ነበር። እኛ እኮ በአንዲት ክፍል የምንኖር፣ በአንድ አልጋ የምንተኛ ሰዎች ነበርን። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ «ምን በላሽ?» ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።